ፀሐይ ያልነካው ቁስል

እግሬ ድኗል ተብሎ ሦስት ጊዜ ተነግሮኛል። ሦስቱንም ጊዜ የነገሩኝ ቀዶ ሕክምናውን የሠሩልኝ ሐኪም ናቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው እያዩ እንጂ እኔን እያዩ አይደለም። «ግሩም አድርጎ ገጥሟል» ይላሉ። ገጠመ የተባለው አጥንት ውስጥ ግን የሆነ ነገር ይቆረጥመኛል። «ዶክተር፣ ያመኛል እኮ» ስላቸው «ይተውሻል» ብለው የሚቀጥለውን በሽተኛ ያስጠራሉ። መቼ እንደሚተወኝ ራጁ ላይ አልተጻፈም።

ነጋዴ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክርና ላስቲክ በጅምላ እሸጣለሁ። በእኛ ሥራ ዕቃው ወይ አለ ወይ የለም፤ «ይኖር ይሆናል» ብሎ ደንበኛ ማቆም ነውር ነው። ስለዚህ አለም የለምም የሚባል ሕመም ሲገጥመኝ ግራ ገባኝ። ራጁ የለም ይላል፣ እግሬ አለ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ራጅ ደግሞ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። እንግዲህ ውሸታሟ እኔ ሳልሆን አልቀርም ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው።

አወዳደቄ ራሱ የሚያስቅ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዚፕ ጠየቀኝ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለኝ አውቃለሁ። የመሰላሉ አንድ እግር እንደሚንሸራተትም አውቃለሁ፤ ከሥሩ ካርቶን አጥፌ እየወተፍኩ ዓመታት ወጥቼ ወርጄበታለሁ። የዚያን ቀን ካርቶኑን ረሳሁት። ዚፑን እንደጨበጥኩ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ፣ የቀኝ እግሬ ቅልጥም ሁለት ቦታ ተሰበረ። ልብስ ሰፊው «ውይ፣ እትዬ! ውይ፣ እትዬ!» እያለ ዚፑን ከእጄ ተቀበለኝ። እያለቀስኩ እንኳ ቀለሙን አገላብጦ ሲያይ አይቼዋለሁ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ የጁምዓ ሰላት ነበር። ከአንዋር መስጊድ የተረፈው ሰጋጅ መንገዱን ሞልቶት መኪና የሚባል ነገር አይገባም። ጎረቤቴ፣ ፊት ለፊቴ ጨርቅ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ ከሰላት ሲመለሱ አገኙኝና በዕቃ ጋሪ አስጭነው እስከ አስፋልቱ አደረሱኝ። ሃያ ዓመት ዕቃ ስልክበት የኖርኩት ጋሪ ላይ ተጋድሜ ስሄድ ገፊው «ዞር በሉ! የሚሰበር ዕቃ ነው!» እያለ ይጮሃል።

«የተሰበረ ነው በል እንጂ» አልኩት።

ሐጂ ጋሪውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ «ምላሷ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሆስፒታል ውስጥ አጥንቴን ከፍተው ብረት አስገቡበት፣ በብሎን አሰሩት። በሦስት ወር ትራመጃለሽ ተባልኩ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ፤ ቤቴ ያለው አብነት ሰፈር ነው፤ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። ባል ነበረኝ፣ ልጅ የለኝም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ክፍሌ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ያለችኝ አንዲት መስኮት ወደ ምሥራቅ የምታይ ናት፤ የጠዋት ፀሐይ እስከ ትራሴ ድረስ ትገባ ነበር። እናቴ መጋረጃው አልበቃ ብሏት በላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርባበታለች፤ ያውም በምስማር። ራስጌዬ ላይ ጤና አዳም ተሰክቷል፣ በብርጭቆ ዳማከሴ ተዘጋጅቷል። ቀኑ ከሌሊቱ የማይለይበት ክፍል ውስጥ አስገብታኝ «በይ አረፍ በይ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ጨለማ ነው እኮ።»

«ቁስል ያለበት ሰው ፀሐይ አያየውም፤ ምች ይመታዋል» አለች።

ክርክር አላነሳሁም። ምች በእኛ ቤት እንዲሁ የሚጣል ቃል አይደለም። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በምች ነው። ጭኑ ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት ክሊኒክ ተበጥቶ፣ ቁስሉ ተጠቅልሎ ቤት ተኝቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጀርባዋን ስታዞርለት ሹልክ ብሎ ወጣ። ቀትር ነበር። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ማታውን ትኩሳት ያዘው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። እሱ ዐሥራ አንድ፣ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። መልኩን በደንብ አላስታውሰውም። ልቅሶው ላይ ሴቶቹ «ፀሐይ ጨረሰው» ሲሉ፣ እናቴ ምንም ሳትመልስ መሬት መሬቱን ስታይ ግን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ በዘመድ ሁሉ ዘንድ እንዲሁ ነው የሚነገረው፤ ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ፀሐይ መታው፣ ሞተ። እናቴ ራሷ አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም። ሰው ሲያወራው ትሰማና ትነሳለች።

ስለዚህ በጨለማው ተኛሁ። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ በር ላይ ታስቆመዋለች። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ሙቀቱን ይዞ በሽተኛ ላይ አይገባም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መብረድ አለበት። ሽቶ የተቀባ ጭራሽ አይገባም። አንድ ቀን ሐጂ ብርቱካን ይዘው መጡና እሳቸውም በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፀሐዩ ይብረድልዎ ብዬ ነው» ትላቸዋለች እናቴ።

«ኧረ ምንም አይደል እትዬ። እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ፣ ፀሐይም ሰልችታኛለች» አሉ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው በረዱ። ከገቡ በኋላ በጨለማው ዐይናቸው አላይ ብሏቸው ብርቱካኑን እግሬ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ጮህኩ።

የቅልጥም መረቅ ጠጣሁ፣ አጥሚት ጠጣሁ። ቁስሉ ደረቀ። ሦስት ወር ሞላ፣ ክራንች ይዤ ቆምኩ፣ ራጁ ግሩም ነው አለ። ሕመሙ ግን ከፋ። ቁስሉ ትኩስ በነበረ ጊዜ ያመመኝ ሕመም የሚገባኝ ሕመም ነበር፤ ተቆርጫለሁ፣ ተሰፍቻለሁ፣ ያማል። ይሄኛው ሌላ ነው። ቦታ አይይዝም። ጠዋት ብሎኑ ጋ ነው፣ ከሰዓት ጉልበቴ ጋ ነው፣ ጭራሽ አንዳንድ ቀን ያልተነካው ግራ እግሬ ያመኛል። ጀርባዬም ያመኛል። ጀርባዬን ማን ሰበረው?

ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። ክር የሚያስመጣልኝ ነጋዴ «ብረቱ ነው፤ ብረት ብርድ ይስባል፤ አስወጪው» አለኝ። ሐጂ የሚያውቁት ወጌሻ እግሬን ዳብሶ መጀመሪያ ወደ እሱ ባለመምጣቴ ተቀየመኝ። አንዷ ጎረቤታችን ጸበል አለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው አለች፤ ሱቅሽ ከፊት ስለሆነ ሰው አይቶሽ ነው አለች። የማላምነው አልነበረም። የሚያሳዝነው ሁሉንም አምናቸው ነበር፤ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱን ለአንድ ለአንድ ቀን።

ከሁሉም የከበደኝ ራሴን አለማመኔ ነው። ሐጂ ስልክ ደውለው «አንቺ ልጅ፣ ሥራ ጠልተሽ እንዳይሆን» ሲሉኝ ቀልዳቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን እውነት ጠልቼ ይሆን እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ጣቴን ጠባሳው ላይ አድርጌ እጫናለሁ። ካመመኝ ደስ ይለኛል፤ እውነት ነው ማለት ነዋ። ወዲያው ደግሞ ስለተጫንኩት ነው ያመመኝ እላለሁ። ከዚያ ሳልጫን እጠብቃለሁ። ሲያመኝ ደግሞ ስለጠበቅሁት ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

እናቴን ግን «ያመኛል» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «የቱ ጋ?» ትለኛለች። አሳያታለሁ። እጇን ታስቀምጥበታለች። ከዚያ ዳማከሴውን ትጨምቃለች፣ የብርድ ልብሱን ምስማር ታጠብቃለች።

በአራተኛው ወር ቀጠሮዬ ላይ ስሄድ እኚያ «ግሩም» የሚሉት ሐኪም ዕረፍት ወጥተው ወጣት ሴት ሐኪም ተተክታለች። ራጁን አየችና አስቀመጠችው። ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር አደረገች፤ ወደ እኔ ዞረች።

«ሌላስ የት የት ያምዎታል?»

ጀርባዬን፣ ግራ እግሬን፣ ድካሜን ነገርኳት። እያፈርኩ ነው የነገርኳት፤ ከተሰበረው ውጪ ያለ ሕመም መጨመር ሚዛን መስረቅ መስሎኝ። እሷ ግን ሁሉንም ጻፈችና ደም ይስጡ አለችኝ። የቪታሚን ዲ መጠን ልትለካ ነው። ውጤቱን ልቀበል በሌላ ቀን ስመጣ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አሰመረች። ሰው መሆን ያለበት በሁለቱ መካከል ነው አለች። የእኔን ደግሞ ከታችኛው መስመር በታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ነጥብ አድርጋ አሳየችኝ።

«ፀሐይ አያገኙም ማለት ነው» አለች።

ሳቅሁ። «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ውስጥ? ፀሐይ?»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«መርካቶ።»

«መርካቶ ውስጥ የት?»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ሱቄ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ከኋለኛው ረድፍ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ይበራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ እጋፋለሁ፣ ማታ ሲመሽ ታክሲ ውስጥ እጋፋለሁ። ሃያ ዓመት። እሑድ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ በነጠላ ተከናንቤ እመለሳለሁ፣ እተኛለሁ። ያለሁባት ከተማ ላይ ፀሐይ በየቀኑ ትወጣለች፤ እኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ ወጥቼ አይቻት አላውቅም። ዓይን ነው ያለችው ጎረቤቴ ሱቄ ከፊት መሆኑን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ?» አለች ሐኪሟ።

«ቤት ነበርኩ።»

«ቤት ውስጥ ፀሐይ ይገባል?»

ብርድ ልብሱን ነገርኳት። ምስማሩንም ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ታዲያ የሕመሜ ምክንያት እሱ ነው?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል። ይህ ቪታሚን ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ ሊበረታባቸው እንደሚችል ይታሰባል። ብቻውን ምክንያት ነው ብዬ ግን መማል አልችልም።»

«ዶክተር፣ አለ ወይስ የለም?»

«መጠኑ ማነሱ አለ፣ ሕመሙም አለ። አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንዳመጣው ነው የማላውቀው።»

ይህን መልስ ለደንበኛ ብሰጥ ሱቄን እዘጋለሁ። ግን ከአራት ወር በኋላ «ሕመሙ አለ» ያለኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሷ ነች፤ ይህን ስሰማ ፊቷ ላይ አለቀስኩ። በሳምንት አንድ የምትዋጥ እንክብል አዘዘችልኝ። እንቁላልና ዓሣ ይብሉ አለችኝ፤ እንቁላሉን በሁዳዴ መሐል ሆኜ ሰማሁት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ረፋዱ ላይ እጅና እግርዎን ገልጠው ፀሐይ ላይ ይቀመጡ አለችኝ።

ለእናቴ እንክብሉ የአጥንት ማጠንከሪያ ነው አልኳት። የቀረውን ዋጥኩት። እናቴ ይህን ብትሰማ ሁለተኛ ልጇንም በእጇ እንደጎዳች ነው የምትቆጥረው። አንዱን ፀሐይ በላባት፣ ሌላዋን ፀሐይ በመከልከሏ አሳመመች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ይህን ለመሸከም ጉልበት ያላት አልመሰለኝም። ስለዚህ ልነግራት አይገባም አልኩ፤ ግን ሳልነግራት ደግሞ ብርድ ልብሱን ማን ያወርደዋል?

መላ ያልኩት መርካቶን ነው። ሱቅ መክፈት ልጀምር ነው ብዬ ወጣሁ። ሐጂን ብቻ አማከርኳቸው። እሳቸው አዳራሹ መግቢያ ደረጃ ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥግ አለ አሉና የፕላስቲክ ወንበር አወጡልኝ። ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ተቀመጥኩ። መርካቶ ውስጥ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ይሸሻል፤ ጃንጥላ የሌለው ካርቶን ራሱ ላይ ያደርጋል። እኔ ጠባሳዬን ለአላፊ አግዳሚው ዘርግቼ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት አሥር ብር ጭኔ ላይ አስቀምጣ «እግዜር ይማርሽ የኔ እናት» ብላኝ አለፈች። ጠርቼ ልመልስላት ብል ሕዝቡ ውጧታል።

ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ ዚፑን ተይው። ይሄኛው ሥራ ኪራይ የለውም።»

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ሕመሙ ቀነሰ? አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አዎ ማለት ፈልጌ ነው። አንድ ጠዋት ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ወጣሁ። እናቴ መርካቶን ትፈራለች፣ ግፊያው ይጥለኛል ትላለች፤ ዓመት በዓል ካልሆነ አትመጣም። የዚያን ቀን ግን ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዛ፣ ሰው እየጠየቀች መጣች።

ዐይኔን የገለጥኩት ጥላ ስላረፈብኝ ነው። እናቴ ፊቴ ቆማለች። ባዶ እግሬን ታየዋለች፣ ጠባሳውን፣ ፀሐዩን። አልጮኸችም። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እግሬን ሸፈነች፣ ከዚያ በእኔና በፀሐዩ መካከል ገባች።

«አንቺንም?» አለች።

ያቺን ቃል መሸከም አቃተኝ። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ዋጥ ያደረግሁት በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ሐኪሟ ነች ተቀመጪ ያለችኝ! ያሳመመኝ ፀሐይ አይደለም፣ ፀሐይ ማጣት ነው! አራት ወር ሙሉ በምስማር የዘጋሽብኝ አንቺ ነሽ!»

አጠገቤ የነበሩት ሐጂ የያዙትን የታጠፈ ጨርቅ እንደገና መዘርጋት ጀመሩ። ልቅሶው ላይ ያየሁትን ያን አስተያየት፣ መሬት መሬቱን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ እናቴ ላይ መልሼ አየሁት። ምሳ ዕቃውን አንስታ ጉልበቴ ላይ አኖረችልኝና ሄደች። ነጠላዋን እኔ ላይ ትታ ነው የሄደችው።

የተናገርኩት እውነት እንኳ አልነበረም። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የሃያ ዓመት ሥራዬን ነው፤ እኔ ሃያውን ዓመት ዘልዬ አራቱን ወር እናቴ ላይ ጫንኩት። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ማታ ቤት ስገባ ብርድ ልብሱ ወርዷል። ታጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል፤ ምስማሮቹ በሲኒ ውስጥ ናቸው። ይቅርታ አልኳት፣ «ምን አደረግሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት እየላጠችም፣ ልብስ እያጠበችም ድንገት ቀና ትልና ትጠይቀኛለች።

«ፀሐይ ነው ያለችው? በእርግጥ ፀሐይ?»

«አዎ እማዬ።»

«ቁስልሽን እያየች?»

«እያየች።»

ትንሽ ታስብና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ንዴት መሰለኝ። ጸጸት መሰለኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልወጣ ስል ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እኔም እመጣለሁ» አለች። ምክንያት አልሰጠችም። ሐኪሟን ልትቆጣት ይሆን፣ ልትጣላት ይሆን ብዬ እየፈራሁ ወሰድኳት።

ሁለተኛው ውጤት መጥቷል። ሐኪሟ መስመሮቿን አሰመረች፤ ነጥቡ ከታችኛው መስመር ትንሽ ከፍ ብሏል። ሕመሜ በግማሽ ቀንሷል አልኳት። ግማሽ ያልኩት እንዲመቻት ነው፤ ሕመምን በምን ሜትር እለካዋለሁ?

«ታዲያ ቪታሚኑ ነበር ማለት ነው?»

«ረድቶ ይሆናል። አጥንቱም ጊዜ አግኝቷል፣ እርስዎም መራመድ ጀምረዋል። የትኛው ምን ያህል እንደረዳ ለይቼ አልነግርዎትም።»

ልበሳጭ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ብጠይቅ?»

«ይጠይቁ እናቴ።»

«ቁስል ያለበት ሰው ፀሐይ ቢያገኘው ይሞታል?»

«ኧረ አይሞትም። ጠባሳው እንዳይጠቁር ቢሸፈን ይሻል ይሆናል እንጂ ፀሐይ አይገድልም።»

«ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ ማታውን ትኩሳት ቢይዘውስ?»

«ትኩሳት ከያዘው ቁስሉ አመርቅዟል ማለት ነው፤ ኢንፌክሽን ገብቶበታል። ቤት ቢውልም ያው ነበር።»

እናቴ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ድሮም?» አለች።

«ምን አሉኝ እናቴ?»

«ድሮም እንዲህ ነበር? ከአርባ ዓመት በፊትም?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረችና ቀስ ብላ «ድሮም እንዲሁ ነበር እናቴ» አለቻት።

የሚከተለውን ጥያቄ ፈራሁ። ለኢንፌክሽኑ መድኃኒት ነበረው ወይ፣ ያኔ ክሊኒክ ብመልሰው ይተርፍ ነበር ወይ፤ ይህን ከጠየቀች ከአንዱ እሾህ ተነቅላ ሌላው ላይ ትቀመጣለች። አልጠየቀችም። አስባው ይሁን ሳታስበው እስከ ዛሬ አላውቅም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሳች።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ነው። ወደ ጥላው ስመራት እጄን ለቀቀችና ፀሐዩ ጋ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። እኔም ክራንቼን አጋድሜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

«ማንን?»

«ወንድምሽን። ሹልክ ብሎ አልወጣም። ወጡ ተጥዶ ጨው አልቆብኝ ነበር። ሂድ ከሱቅ ጨው አምጣልኝ አልኩት።»

አርባ ዓመት የሰማሁት ታሪክ በአንዲት ቁንጥር ጨው እግሬ ሥር ፈረሰ። ፀሐዩ ፊቷ ላይ አርፎ እያንዳንዱን ሽብሽብ ያሳየኛል፤ ዐይኗን አልጨፈነችም።

«ያመኛል እማዬ ብሎኝ ነበር» አለች። «መሄድ ሰንፎ ነው አልኩ። አላመንኩትም።»

እግሬ በዚያች ሰዓት አላመመኝም፣ ወይም አላስተዋልኩትም፤ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ዛሬም ግራ ይገባኛል። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ራጁ፣ ሐኪሙ፣ ሐጂ፣ እኔ ራሴ፣ ሁላችንም እውነት ያምሻል ወይ ስንል በከረምንበት ጊዜ፣ እናቴ አንድም ቀን እንዲያ ብላኝ አታውቅም። የቱ ጋ ብቻ ነው ያለችኝ።

አሁንም እጇን ጠባሳው ላይ አሳረፈች።

«ዛሬስ ያምሻል?»

«ትንሽ» አልኳት።

አመነችኝ።